የሉበርት አምፖሎችና የወይዘሮ አልበርዲና ዓይን

በየመንገዱ አንድ ሰው አለ፤ ጎረቤቱ ቤቱ የገባበትን ሰዓት ከጎረቤቱ ከራሱ ይልቅ አጣርቶ የሚያውቅ። ማዘጋጃ ቤቱ ስለ ነዋሪው የሚያውቀው ስሙንና የልደት ቀኑን ነው። ይህ ሰው ግን ማን ከማን እንደተኮራረፈ፣ የማን ልጅ በማን ብስክሌት ተፈናጥጣ እንደመጣች፣ ማን ቀን ሰላጣ ገዝቶ ማታ የተጠበሰ ድንች ኮቱ ሥር ደብቆ እንደገባ ያውቃል። ደመወዝ አይከፈለውም፣ የዓመት ፈቃድ አይወጣም፣ ጡረታ የሚባል ነገርም ሰምቶ አያውቅም።

ዙትፈን በምትባል ከተማ ውስጥ፣ ከአሮጌው ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ባለችው ጠባብ መንገድ ይህን ከፍተኛ ሥልጣን ይዘው የኖሩት ክብርት ወይዘሮ አልበርዲና ናቸው። መንበራቸው ከመስኮቱ ሥር የተቀመጠ ባለ መደገፊያ ወንበር ነው። ከመስኮቱ ውጭ፣ በግራና በቀኝ፣ በብረት ክንድ ላይ የተሰኩ ሁለት ትንንሽ መስታወቶች አሉ፤ በእነሱ አማካይነት አንገታቸውን ሳያዞሩ የመንገዱን ሁለት ጫፍ ያያሉ። እንዲህ ያለ መስታወት ሌሎች ቤቶች ላይም አይጠፋም፤ የሌሎቹ ግን ለጌጥ የቀረ ነው። የወይዘሮ አልበርዲና በየጠዋቱ ይወለወላል።

ንግግራቸው ሁልጊዜ የሚጀምረው በአንድ መንገድ ነው። «እኔ እንኳን ምንም አላየሁም፤ ግን…» ይላሉ። ከዚያች «ግን» በኋላ የሚመጣው ነገር አንድን ፍርድ ቤት ለሳምንት ያህል ሥራ አያሳጣም።

ሉበርት ፊት ለፊታቸው ነው የሚኖረው። ሥራው ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት ነው፤ የሱን ጥርስ አፉ ውስጥ ያደረገ ሰው ስቆ፣ አዛግቶ፣ ፖም ገምጦ ማንም አይነቃበትም። ምናልባት ከዚሁ የተነሳ ይሆናል፣ ሉበርት ራሱ ምንም ነገር አያምንም። «ትኩስ ዳቦ» የሚል ጽሑፍ ሲያይ ዳቦውን በጣቱ ይጫነዋል። ቅናሽ ሲባል መጀመሪያ ዋጋውን ማን ከፍ እንዳደረገው ይጠይቃል። ከጥርጣሬዎቹ ሁሉ የሚበልጠው ግን አንድ ነበር፤ ወይዘሮ አልበርዲና የሱን ሕይወት ከሱ በላይ ያውቁታል።

ለዚህም ማስረጃ ነበረው። የቤቱ ትርፍ ቁልፍ የሚኖረው እሳቸው ቤት፣ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ነው፤ ከሚስቱ ከያነከ ጋር ለእረፍት በሄዱ ቁጥር አበባ እንዲያጠጡ። ሲመለሱ አበባው ለምልሞ ይጠብቃቸዋል። ወይዘሮ አልበርዲና በበሩ ብቅ ብለው «እኔ እንኳን ምንም አላየሁም፤ ግን ሰናፍጫችሁ ጊዜው አልፎበታል» ይላሉ።

«ሰናፍጩ ያለው ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው» ይላል ሉበርት በሩ እንደተዘጋ። «ማቀዝቀዣ ውስጥ አበባ አለን እንዴ?»

ያነከ ትስቅና ሰናፍጩን ትጥላለች። ጊዜው አልፎበታላ።

እንግዲህ በአንድ የመከር ሰሞን ሉበርት ወደ ኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር ገብቶ ከስማርት አምፖሎቹ ፊት ቆመ። ሻጩ ቀለሙ እንደሚቀያየር፣ ከአልጋ ሳይነሱ በስልክ እንደሚጠፋ ነገረው። ሉበርት መርማሪ ሆነ። ይህ ነገር ይሰማል? ከማን ጋር ነው የሚነጋገረው? ማታ መብራት ማብራቴን የሚያውቀው ማነው፣ ማወቁስ ምን ይጠቅመዋል? ዋይፋዩ ሲቋረጥ በጨለማ ልንቀመጥ ነው? ኩባንያው የከሰረ ቀንስ? ሻጩ ላብ እስኪያጠምቀው መለሰለት፤ ሉበርትም አንዱንም ሳያምን ሊወጣ ሲል ሻጩ የመጨረሻውን ተናገረ። ባለቤቱ ርቆ ሲሄድ አምፖሎቹ በየክፍሉ እየበሩና እየጠፉ ሰው ያለ ያስመስላሉ፤ ሌባ ይታለላል።

ለሉበርት የታየው ሌባ አልነበረም፤ ማዶ ያሉት ሁለት መስታወቶች ነበሩ። ስድስት አምፖል ገዛ።

ያነከ ካርቶኑን አገላብጣ አየችው። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናት፤ መመሪያ ታነባለች። «መብራት ለማብራት ስልክ ልፈልግ ነዋ» አለች። «ግድግዳው ላይ ያለው ማብሪያ ምን በደለህ?»

ሉበርት ግን ቆርጦ ነበር። ከእረፍቱ ሳምንት በፊት መንገዱን ተሻግሮ የበሩን ቁልፍ ስለምንቀይር አሮጌውን ብወስደው ብሎ ዋሸ። ወይዘሮ አልበርዲና ቁልፉን ከሚስማሩ ላይ አወረዱ፣ በሽርጣቸው ጠረግ አደረጉት፣ ሰጡት። «እኔ እንኳን» ብለው አልጀመሩም። ይህ ዝምታ ሊያሳስበው ይገባ ነበር፤ እሱ ግን ቁልፉን በኪሱ እያቅጨለጨለ እንደ አሸናፊ ተመለሰ።

ከዚያ አምፖሎቹን ገጠመና ጥርስ እንደሚቀርጽ አድርጎ የየምሽቱን ፕሮግራማቸውን ቀረጸ። እራት ላይ ኩሽናው ይበራል፤ ቀጥሎ ሳሎን፤ ከዚያ ደረጃው፤ ከዚያ ፎቅ ያለው መታጠቢያ ቤት፤ በመጨረሻ መኝታ ቤት። በጣም የተስተካከለ ጥርስ ውሸት መሆኑ ስለሚያስታውቅ አንዳንዴ የኮሪደሩ መብራት ሳይጠፋ እንዲቀር አደረገ።

«እሱ ለምንድነው?» አለች ያነከ።

«አንቺ ነሽ። ሁልጊዜ ትረሺው የለ።»

አንድ ችግር ብቻ ቀረ። በዚያ መንገድ መጋረጃ የሚዘጋ ሰው የለም። ሰው ማታ መብራቱን አብርቶ ሾርባውን ሲጠጣ፣ ሲከራከር፣ ቴሌቪዥን ፊት ሲያንኮራፋ ለአላፊ አግዳሚው ይታያል፤ አላፊ አግዳሚውም እንዳላየ ያልፋል። ባዶ ሳሎን ውስጥ የሚበራ መብራት ደግሞ ባዶነቱን ነው የሚያሳየው። ስለዚህ ሉበርት መጋረጃ ሰቀለ፣ ዘጋውም። እሑድ ጠዋት፣ ወይዘሮ አልበርዲና ከመስኮታቸው በሚጠፉባት ብቸኛ ሰዓት፣ ቤተ ክርስቲያን እንደሄዱ፣ ሉበርትና ያነከ ልብሳቸውን በልብስ ማጠቢያ ቅርጫት ውስጥ አድርገው መኪና ላይ ጫኑና እንደ ሌባ ከገዛ ቤታቸው ወጡ።

የተከራዩት ቤልጅየም፣ አርደን ጫካ ውስጥ ያለች የእንጨት ጎጆ ነበረች። ቀን በእግራቸው ይሄዳሉ፤ ሲመሽ እሳት ያነዳሉ። ሉበርት እሳቱን አላየውም። ስልኩን ከፍቶ ርቆ ያለ ቤቱን ይመራ ነበር፤ «አሁን ኩሽና… አሁን ሳሎን…» እያለ። ያነከ ከሱ ጋር ነው ወይስ ከኮሪደሩ ጋር እረፍት የወጣችው ብላ ጠየቀችው። አልሰማትም።

በሦስተኛው ምሽት ስልኩ ጮኸ። ወይዘሮ አልበርዲና ነበሩ።

«ሉበርት፣ ቤት ናችሁ?»

እውነቱን መናገር ይቻል ነበር። የአንድ ቃል ጉዳይ ነው። «አዎ» አለ።

«መጋረጃችሁ ተዘግቷል፤ መኪናችሁም የለም።»

«መኪናው ጥገና ገብቷል፤ እኛንም ትንሽ አሞናል። ጉንፋን ነው።»

«ሁለታችሁንም?»

«ሁለታችንንም።»

ከዚያ እሳቸው እንኳን ምንም እንዳላዩ፣ ግን የነሉበርት የቆሻሻ ገንዳ ሳይወጣ የማክሰኞው መኪና እንዳለፈ፣ ያነከ ደጅ ለወፎች የምትሰቅለው ምግብም እንዳለቀ ተናገሩ። ያነከ ብትታመም እንኳ ወፎቹን አትረሳም አሉ። «እስቲ አገናኘኝ።»

ሉበርት ስልኩን በእጁ ሸፍኖ ሚስቱን አያት። ያነከ ራሷን ነቀነቀች። «ለሳቸው አልዋሽም» አለች በሹክሹክታ፤ ኮቷን ለብሳ ወደ ውጭ ወጣች።

«ተኝታለች» አለ ሉበርት።

«እንግዲያውስ አንተ በመስኮት ብቅ በልልኝ።»

«ከአልጋ መነሳት አልቻልኩም።»

«መብራቱንስ? የመኝታ ቤቱን መብራት አጥፍተህ አብራው።»

የሉበርት ልብ በደስታ ዘለለ። ለዚህች ደቂቃ ነበር የገዛው። በአውራ ጣቱ ነካ አደረገው፤ ዙትፈን ውስጥ መብራቱ ጠፋ፤ መልሶ ነካው፤ በራ። 

«እሺ» አሉ ወይዘሮ አልበርዲና። ድምፃቸው ሳስቶ ነበር። «እሺ ልጄ።» ዘጉት።

በማግስቱ ምሽት ሉበርትና ያነከ የመንደሩ ምግብ ቤት ገብተው ዓሣ አዘው ነበር። የማያውቀው ቁጥር ደወለ። ደዋዩ የሠፈሩ ፖሊስ መሆኑን ተናገረ፤ አንዲት ጎረቤት ስለ ባለቤትዎ ተጨንቀው ደውለውልን ነው አለ፤ ከዚያ የት እንዳለ ጠየቀው።

አንዴ የተጀመረ ውሸት መሪውን ለባለቤቱ አይመልስለትም። «ቤት» አለ ሉበርት።

«የራስዎ ቤት?»

«የራሴ።»

«ጥሩ ነው። በሩ ላይ ቆሜያለሁ፤ ይክፈቱልኝ።»

ሉበርት ሳህኑ ላይ ያለውን ዓሣ አየው። ዓሣውም አየው። ከዚያ ሁሉንም ተናዘዘ፤ ቤልጅየም እንዳሉ፣ ጉንፋን እንደሌለ፣ አምፖሎቹን። ፖሊሱ አላቋረጠውም፤ ለእንዲህ ያለ ነገር ሠልጥኗል። ሲጨርስ ባለቤቱን በዓይኑ ማየት እንደሚፈልግ ነገረው። ሉበርት ወደ ቪዲዮ ቀየረና ስልኩን ወደ ያነከ አዞረው። ያነከ አፏን በናፕኪን ጠርጋ ስሟን ተናገረች፤ ያሰራት እንደሌለ፣ ባሏ ቂል እንጂ ክፉ ሰው አለመሆኑን አረጋገጠች።

ከፖሊሱ ትከሻ ኋላ የራሳቸው ቤት ይታይ ነበር። የመንገዱ ግማሽ ሰው ኮት ለብሶ ወጥቷል። በሩ ሥር፣ ደረጃው ላይ፣ በፎጣ የተጠቀለለ ድስት ተቀምጧል፤ ከአጠገቡ ወይዘሮ አልበርዲና ሻርፓቸውን አገጫቸው ሥር ጨብጠው ቆመዋል። ልክ በዚያች ቅጽበት ፎቅ ላይ የመታጠቢያ ቤቱ መብራት ቦግ አለ። ያ ሁሉ ሰው ባንድ ጊዜ ቀና አለ።

«ውስጥ ማነው ያለው?» አለ ፖሊሱ፤ ድምፁ ተለወጠ።

«ማንም የለም። አምፖሉ ነው» አለ ሉበርት። «ያነከ ጥርሷን የምትቦርሽበት ሰዓት ደርሶ ነው።»

«ወይዘሮ ያነከ አጠገብዎ ናቸው እኮ።»

«ናት» አለ ሉበርት።

ከሕዝቡ መሐል አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ሌላው። ወይዘሮ አልበርዲና አልሳቁም። ጎንበስ ብለው ድስቱን አነሱ፤ ያልተነካ የአተር ሾርባ ነበር፤ መንገዱን ቀስ ብለው ተሻግረው ቤታቸው ገቡ። ሉበርት ይህን ሁሉ በመዳፉ ላይ ባለች ትንሽ ምስል ውስጥ አየ።

በማግስቱ ተመለሱ። ሉበርት ከመኪናው ሳይወርድ ወደ ማዶ ተመለከተ። ወንበሩ ዞሯል። ጀርባው ወደ መስኮቱ፣ ፊቱ ወደ ክፍሉ ሆኗል፤ ከወንበሩ ራስ በላይ የሚታየው ትንሽ ነጭ ፀጉር ብቻ ነው። መስታወቶቹም በዚያ ጠዋት አልተወለወሉም።

የፈለገው ይኸው ነበር። አሁን ማንም አያየውም። የተጠበሰ ድንቹን በአደባባይ ይዞ ገባ። አዲስ ኮት ገዝቶ ለብሶ ወጣ፤ ኮቱን ያየ የለም። ያዘዘው ዕቃ መጥቶ ደጃፉ ላይ ሲቀመጥ ድሮ ወይዘሮ አልበርዲና ያስገቡለት ነበር፤ አሁን ካርቶኑ በዝናብ ላሽቆ አገኘው። ከሥራ ሲመለስ ወደ ማዶ ማየት አበዛ። አንዳች ተንኮል ጠረጠረ፤ ፊት ለፊታቸው ሌላ መስታወት አቁመው ያዩኛል ብሎ ገመተ። አያዩትም ነበር።

ያነከ ሳምንት ታገሠችው። ከዚያ አበባ ገዝታ አስያዘችውና በሩን ከፍታ አስወጣችው።

ወይዘሮ አልበርዲና በሩን በግማሽ ከፈቱ። አበባውን አዩት። «ይህንን ደግሞ ማን ሊያጠጣው ነው?» አሉ። ቢሆንም አስገቡት። ከብስኩት ቆርቆሮው ውስጥ አንድ ብስኩት ሰጥተው ክዳኑን ዘጉ፤ በዚያ አገር ይህ ገና እርቅ አይደለም።

ሉበርት ይቅርታ ጠየቀ። ሊያታልል የፈለገው ሌባን እንጂ እሳቸውን አለመሆኑን ሊናገር አሰበና ተወው። በቂ ዋሽቷል።

«ያን ማታ በስልክ መብራቱን አጥፍተህ ስታበራው» አሉ፣ «ያሞኘኸኝ መስሎህ ይሆናል። እኔ ፈራሁ።»

«ለምን?»

«መብራት ሰው አይደለማ።»

ባለፈው ክረምት ክንዳቸው በጀሶ ታስሮ ሲታይ በረዶ አዳለጠኝ ብለው ነበር ለሠፈሩ ሁሉ። በረዶ አልነበረም። ኩሽናቸው ውስጥ ነው የወደቁት። ከእራት ሰዓት ጀምሮ ጠዋት የጽዳት ሠራተኛዋ እስክትመጣ ድረስ ወለሉ ላይ ተኝተው ነው ያደሩት፤ መነሳት አልቻሉም፤ ድምፃቸውም ከግድግዳው አላለፈ። በመንገዱ በኩል ያለው የክፍላቸው መብራት ግን በርቶ ነበር።

«መንገድ ላይ የሚያልፈውን ሁሉ በእግሩ ኮቴ አውቀዋለሁ» አሉ። «ያንተንም ሰማሁት። መስኮቱ ጋ ስትደርስ ቆም አልክ። ከዚያ ሄድክ።»

ሉበርት ብስኩቱን አስቀመጠ። ያቺን ምሽት ያስታውሳታል። መብራቱ በርቶ፣ ወንበሩ ባዶ ሆኖ አይቶ ቆሞ ነበር። ከዚያ በደስታ ወደ ቤቱ ገብቶ «ዛሬ መንበሩ ባዶ ነው» ብሎ ለያነከ የምሥራች ነግሯታል።

«አልቀየምኩህም» አሉ። «መብራት በርቶ አየህ፤ ደህና ናት አልክ። ማንም የሚለው ያንኑ ነው። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ መብራት አላምንም። ጥላ ሲያልፍ ካላየሁ፣ እጅ ሲንቀሳቀስ ካላየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም።»

ለምን ለማንም እንዳልተናገሩ ጠየቃቸው። ልጆቻቸው ከሰሙ የአረጋውያን ማረፊያ እንደሚያስገቧቸው ነገሩት፤ እዚያ ደግሞ መስኮቱ የሚያየው መኪና ማቆሚያ ነው አሉ። «እንግዲህ አንተም ለማንም ትንፍሽ እንዳትል፤ ለያነከ ግን ንገራት፣ ከሷ መደበቅ አትችልም» አሉት።

ሉበርት የሚያውቀውን ብቸኛ ነገር አቀረበ። ከስድስቱ አምፖሎች ሁለቱን አምጥቶ ሊገጥምላቸው፣ እንቅስቃሴ ካላዩ ስልኩ ላይ እንዲነግሩት ሊያደርግ እንደሚችል አስረዳ። ወይዘሮ አልበርዲና እሱ ሻጩን ባየበት ዓይን አዩት።

«እኔ ቤት የሚያይ አንድ ይበቃል» አሉ።

ስለዚህ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። አነሱት፣ አገላበጡት። «አሮጌውን ይመስላል።» አሮጌው ነው አለ። ቁልፉን ሚስማሩ ላይ ሰቀሉና የብስኩቱን ቆርቆሮ እንደገና ከፈቱ።

አምፖሎቹ ዛሬም አሉ። ፕሮግራማቸው ተሰርዟል፤ የሚበሩትም የሚጠፉትም ከግድግዳው ነው፤ ለዚህ ሥራ የዋጋቸው ሩብ የሚያወጣ አምፖል ይበቃ ነበር። የመታጠቢያ ቤቱ ብቻ ሐምራዊ ሆኖ ቀርቷል፤ ሉበርት ሊያስተካክለው ሦስት ቅዳሜ ታገለ፤ አሁን እንግዳ ሲመጣ ሆን ተብሎ ነው ይላል። መጋረጃው ወርዷል። በየምሽቱ ሳህን ከታጠበ በኋላ ሉበርት መስኮቱ ጋ ሄዶ እጁን ኋላው አጣምሮ ይቆማል፤ ማዶ ያለችው እጅ ቀና ብላ እስክትወዛወዝ ድረስ ከዚያ ንቅንቅ አይልም። ያነከ ቀጠሮ አለህ ወይ ስትለው የአየሩን ሁኔታ እያየሁ ነው ይላል።

በጸደይ ወደ ዴንማርክ ሊሄዱ ተነሱ። ሉበርት ከመሄዳቸው በፊት ለመንገር ተሻገረ። አፉን ሳይከፍት ወይዘሮ አልበርዲና አርብ እንደሚሄዱ፣ የመኪናው የኋላ ጎማ ግን አሁንም ትንሽ እንደሚጎድለው ነገሩት። ጎማውን ነፋው።

አውራ ጎዳናው ላይ ያነከ ትነዳለች፤ ሉበርት ስልኩን ከፈተ። አፑ ሁሉም መብራት መጥፋቱን ነገረው። ይህን እያየ ትንሽ ቆየ። ከዚያ አፑን ዘግቶ ደወለ።

«ምንም አዲስ ነገር የለም» አሉ ወይዘሮ አልበርዲና። ከዚያ ጀመሩ። ጥግ ላይ ያለው ፀጉር አስተካካይ ዛሬ አርፍዶ ከፈተ፤ ዓይኑ ሥር አብጧል። ከሱ ቀጥሎ ያሉት ባልና ሚስት አዲስ ሶፋ አስመጥተው በበሩ አልገባ ብሏቸው አሁንም ውጭ ላይ ተቀምጠውበት ይጨቃጨቃሉ። የመምህሩ ድመት እንደገና አርግዛለች፤ መምህሩ ግን ወንድ ነው ብሎ ነበር። ያነከ በዓይኗ ዝጋው አለችው። ሉበርት የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረገና መሐላቸው አስቀመጠው።

የጀርመን ድንበር ሲደርሱ ገና የመንገዱ ግራ ጎን ነበር ያለቀው። ወይዘሮ አልበርዲና ትንፋሽ ለመሰብሰብ ዝም አሉ።

«ቀኙስ?» አለ ሉበርት።